የእናቴን በሽታ በስሙ የጠራሁ ቀን

የአንዲት ሴት ቀሚስ ወገቡ እየጠበባት፣ ፊቷና ክንዷ ግን እየከሳ ከመጣ፣ «ወፈርሽ» አትበሏት። ይህን የምለው ሐኪም ሆኜ አይደለም፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ ከገበያው ከፍ ብላ ባለችው መንገድ ላይ የሴት ቀሚስና የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ ብዙ ዓመት ሆነኝ። የሰው ወገብ እየለካሁ የምኖር ሴት፣ የራሴ ወገብ ሰባት ወር ሙሉ ሲናገር አልሰማሁትም። ሌላዋ ቶሎ እንድትሰማ ብዬ ነው ታሪኬን የምናገረው።

ስሜ ብርቄ ነው። የተወለድኩት ሲዳሞ፣ ሐገረ ማርያም አካባቢ ነው። ባለቤቴ ታደሰ ወታደር ስለነበረ፣ መንግሥት ሲለወጥ ድንበር ተሻግረን ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ገባን። ታናሽ እህቴ አስናቀችም ባሏ ሞቶባት፣ የሦስት ዓመት ልጇን ሰላማዊትን አዝላ አብራን መጣች። ስፌት የተማርኩት እዚያው ድንኳን ውስጥ ነው። ካምፑ ሲዘጋ ግማሹ ወደ አገሩ፣ ግማሹ ወደ ሌላ ካምፕ ሲሄድ እኛ ሞያሌ ቀረን። ታደሰ የሎሪ ጎማ የሚጠግንበት ቦታ ከፈተ፣ እኔ የስፌት መኪናዬን በረንዳ ላይ አወጣሁ፣ አስናቀች ድንበሩን እየተመላለሰች ሽሮና በርበሬ መነገድ ጀመረች። ለእኔና ለታደሰ እግዚአብሔር ልጅ አልሰጠንም። እናቷ ንግድ ላይ ስለምትውል ሰላማዊት ያደገችው እኔ ቤት ነው። እናቷን «እማዬ»፣ እኔን «እታለም» ትላለች። ሁለት እናት ነበራት ማለት ይቻላል።

ሕመሙ ሲጀምረኝ አርባ ሰባት ዓመቴ ነበር። መጀመሪያ እንደ ሕመምም አልቆጠርኩትም። ሁለት ጉርሻ ስጎርስ ጥግብ እላለሁ። ሆዴ ይነፋል። ሽንቴ ቶሎ ቶሎ ይመጣል። ወገቤን ከታች ይከነክነኛል፤ እሱን ደግሞ ጎንበስ ብሎ መስፋት ያመጣው ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ ሆዴ መግፋት ጀመረ።

ከዳበል መንደር የግመል ወተት እያመጣች የምትሸጥ ዳኪ የምትባል የቦረና ሴት ጎረቤቴ አለች። አንድ ቀን በረንዳው ላይ ወተቱን ስትቀዳልኝ ሆዴን አየችና ፊቷ በራ። «ብርቄ! ኡልፋ?» አለችኝ በቋንቋዋ። አረገዝሽ እንዴ ማለቷ ነው።

«ሂጂ ወዲያ! በዚህ ዕድሜ?» ብዬ ሳቅሁ።

ስትሄድ ግን በሩን ዘጋሁና ሆዴን በሁለት እጄ ያዝኩት። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ልጅ ስለምን የኖርኩ ሴት ነኝ። ታሪኮች ትዝ አሉኝ፣ በስተርጅና የወለዱ ሴቶች። አንድ ወር ሙሉ ለታደሰ እንኳ ሳልናገር በተስፋ ኖርኩ። በትርፍ ሰዓቴ የሕፃን ሸሚዝ ቆርጬ እንደነበር ዛሬ ስናገር አላፍርም። በወሩ ክሊኒክ ሄጄ ተመረመርኩ። ልጁ ሐኪም ወረቀቱን አይቶ «እርግዝና የለም፣ ማማ። ጨጓራ ነው» አለኝ። ከክሊኒኩ እስክወጣ ቻልኩት፤ ውጭ ካለችው ግራር ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ላልመጣው ልጅ ነው። ከጨጓራ የባሰ ነገር ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

የጨጓራ መድኃኒት ስድስት ሳምንት ወሰድኩ። ሌላ ክሊኒክ አሜባ ነው አለኝ፤ የአሜባም ወሰድኩ። ሦስተኛው ታይፎይድ አለ። ሆዴ እየባሰ ሲሄድ የሆድ ቲቢ ነው ተባለና የቲቢ ክኒን ጀመርኩ። ሆዴ ውስጥ የቋጠረውን ውሃ በመርፌ ቀዱልኝ፤ ለአንድ ሳምንት ቀለለኝ፣ በሁለተኛው ሳምንት ተመልሶ ሞላ። ቲቢ በአካባቢያችን ብዙ ሰው ስለሚይዝ ሐኪሞቹ መጀመሪያ እሱን ማሰባቸው አይገርምም። እኔ የምወቅሰው ራሴን ነው፤ የማውቀውን ነገር ለአንዳቸውም አልነገርኳቸውም ነበርና።

የማውቀው ይህን ነው። እናቴ የሞተችው ሆዷ ተነፍቶ፣ ክንዷ ግን እንደ ጭራሮ ቀጥኖ ነው። ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። አክስቴም ከሷ በፊት እንደዚያው ሞተች። በአገራችን «የሆድ ውሃ» ይሉታል፤ አንዳንዱም እርግማን ነው ይል ነበር። እናታችን በሞተች በዓመቱ አስናቀችን ያጩ ሰዎች ሽማግሌ ልከው «የሆድ በሽታ ካለበት ዘር አንጋባም» ብለው ቃላቸውን አፈረሱ። ያኔ እህቴ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ሁለት ሳምንት ከቤት አልወጣችም። ኋላ ያገባችው ስለኛ ምንም የማያውቅ የሩቅ አገር ሰው ነው።

ስለዚህ አስናቀች ሆዴ ሲገፋ አይታ የተናገረችኝ አልገረመኝም። መቀሴን ከእጄ ወስዳ አስቀመጠችና ጉልበቴ ላይ ሁለት እጇን ጫነች።

«እትዬ፣ በእግዚአብሔር! የእማዬን ነገር ለማንም እንዳታነሺ። ሰላማዊት እያደገች ነው። እኔ ላይ የደረሰው እሷ ላይ እንዲደርስ ትፈልጊያለሽ?»

«አልፈልግም» አልኳት። ዝምም አልኩ።

እውነቱን ያወጣው ድንበሩን ተሻግሬ በኢትዮጵያ በኩል የተነሣሁት አልትራሳውንድ ነው። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ መሣሪያውን ሆዴ ላይ እያንሸራተተ ቆይቶ ቆይቶ አቆመ። በገዛ ቋንቋዬ ስለነገረኝ ለመሸሽ አልተመቸኝም።

«እናቴ፣ ይህ ቲቢ አይመስለኝም። ከማህፀን ግራና ቀኝ እንቁላል የሚያመርቱ ሁለት ትንንሽ አካላት አሉ። ሁለቱም ላይ እብጠት አለ። እዚህ የምንሠራው ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ ሂጂ፤ ዛሬ ነገ አትበዪ።»

አስናቀች መጀመሪያ ጠበል ይቅደም አለች። ታደሰ «ጠበሉንም ጸሎቱንም በመንገድ ትደርስበታለች፤ እብጠቱ ግን ቆሞ አይጠብቃትም» አለ። ብዙ የማይናገር ሰው ነው፤ ከተናገረ ግን አለቀ። አዲስ አበባ መግባት ለሱ ገና የሚያሰጋው ጊዜ ስለነበረ ናይሮቢ ተቆረጠ። የመንገዳችን ሰዎች ሃራምቤ አደረጉልኝ፤ በኬንያ ሰው ሲታመም ወይም ልጅ ሲማር ጎረቤት ተሰብስቦ የሚያዋጣው መዋጮ ነው። ቡርጂው ባለሱቅ፣ ቦረናው ከብት ነጋዴ፣ የጋሪ ጎሣው ሰው፣ የኛው አገር ሰው፣ ሁሉም መጣ። ያን ቀን ሞያሌ አገሬ ሆነች።

አስናቀች ልታስታምመኝ አብራን ሄደች። ጉዞው በሎሪ ሁለት ቀን ነው። ያኔ አስፋልት አልነበረም፤ መኪኖቹ ሽፍታ ፈርተው በፖሊስ ታጅበው ነው የሚሄዱት። ሰው ሎሪው ከጫነው ከብት በላይ ባለው ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ይጓዛል። ሾፌሩ የታደሰ ደንበኛ ስለሆነ እኔን ጋቢና አስቀመጠኝ። መኪናው በነጠረ ቁጥር ሆዴን ከታች እደግፋለሁ። ማርሳቢት ስንደርስ ሾፌሩ ወርዶ ሻይ አመጣልኝና «ፖሌ፣ ማማ» አለኝ፤ አይዞሽ እንደማለት ነው። ከዚያ በኋላ ጉድጓድ ባየ ቁጥር ሎሪውን እንደ እንቁላል ይዞ ያሳልፈው ነበር።

ናይሮቢ ሆስፒታል ወረፋ አራት ቀን ፈጀብን። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቁጥር ይዘን እንቀመጣለን፤ ቁጥሩ ሲጠራ ሁሉም በአንድ ጊዜ አንድ መቀመጫ ይጠጋል። ሻይ በፔርሙስ ይዘው የመጡ ሴቶች ሳንጠይቃቸው በክዳኑ ቀድተው ሰጡን። በአራተኛው ቀን ጸጉሯ ሽበት የጀመረው ረጅም ሴት ሐኪም ተቀበለችኝ። እኔ የገበያ ስዋሂሊ እችላለሁ፤ እሷም ቀስ ብላ ነበር የምትናገረው።

ከመረመረችኝ በኋላ ብዕሯን አነሣች። «እናትሽ፣ እህቶችሽ፣ አክስቶችሽ፤ እንዲህ ዓይነት በሽታ የያዘው ሰው በቤተሰባችሁ አለ?»

እኔ አፌን ሳልከፍት አስናቀች ፈጥና «ሃኩና» አለች። የለም ማለት ነው።

ሐኪሟ ልትጽፍ ጎንበስ አለች። እኔ የብዕሯን ጫፍ እያየሁ እናቴን አሰብኩ። እናቴ በምን እንደሞተች ሳታውቅ ሞተች። እኔም ሳላውቅ ልሞት ነው። ሰላማዊት ደግሞ ነገ ሆዷ ሲነፋ «ጨጓራ ነው» ትባላለች።

«ኢኮ» አልኩ። «አለ። እናቴ እንዲሁ ሆና ሞታለች። የእናቴም እህት።»

አስናቀች በአማርኛ «ገደልሽኝ!» አለችና ተነሥታ ወጣች። በማግስቱ የሎሪ ቦታ ፈልጋ ወደ ሞያሌ ተመለሰች። እኔና ታደሰ ብቻችንን ቀረን።

ሐኪሟ ግን ብዕሯን አስቀምጣ ወንበሯን ወደ እኔ ጠጋ አደረገች። «ይህን መናገርሽ ጥሩ ነው» አለችኝ። ውጤቱ ሁሉ ሲመጣ ካንሰር መሆኑን፣ በሆድ ዕቃዬም ውስጥ መሠራጨቱን ነገረችኝ። ደረጃ ሦስት ይሉታል። ታደሰ ባርኔጣውን አውልቆ ይጨምቀው ጀመር። እኔ ግን አንድ ነገር ጠየቅኋት።

«ዳክታሪ፣ ይህ የመጣብኝ ስላልወለድኩ ነው ይላሉ። እውነት ነው? የምሞተውስ በሱ ነው?»

«ሁለት ነገር አታምታቺ» አለችኝ። «አንደኛው ሰውን ለበሽታው የሚያጋልጠው ነገር ነው። አለመውለድ ትንሽ ያጋልጣል፣ የእናትና የአክስት መታመም የበለጠ ያጋልጣል። ሁለቱም ያንቺ ጥፋት አይደሉም፤ አልፈዋልም። ከያዘ በኋላ ሰውን የሚያተርፈው ወይም የማያተርፈው ግን ሌላ ነው። በሽታው ምን ያህል ተሠራጭቷል? ከቀዶ ጥገና በኋላ ውስጥሽ የሚቀረው ምን ያህል ነው? ዕድሜሽ ስንት ነው? ደምሽና ጉልበትሽ መድኃኒቱን ይችላል? የታዘዘውን ሳታቋርጪ ትጨርሻለሽ?» ቀጠለች። «አንዳንድ ሐኪሞች ደግሞ በዘር የመጣባቸው ሴቶች መድኃኒቱ የተሻለ ይሠራላቸዋል ይላሉ። ገና እየተጠና ነው። ቃል አልገባልሽም።»

ዕድሜ ልኬን የደበቅሁት ነገር ሊረዳኝም ይችላል ማለት ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

«ከእነዚህ ውስጥ የኔ ሥራ የትኛው ነው?» አልኳት።

ሐኪሟ ቀና ብላ አየችኝ። «ሁለቱ ያንቺ ናቸው፤ ጉልበትሽና አለማቋረጥሽ። ቀዶ ጥገናው የኔ ነው። የቀረው የእግዚአብሔር ነው።»

«እንግዲያው የኔን እሠራለሁ» አልኩ።

ደሜ ዝቅ ስላለና በጣም ስለከሳሁ ለቀዶ ጥገናው ሁለት ሳምንት ተኩል ተሰጠኝ። ኢሲሊ ሰፈር ያገራችን ሰው ቤት አረፍን። ምግብ ሲሸተኝ ያጥወለውለኛል፤ ግን ሥራዬ ነው ብዬ በላሁ። እንቁላል፣ ጉበት፣ ባቄላ፣ ትንሽ ትንሽ፣ በቀን ስድስት ጊዜ። ታደሰ ደም ሰጠልኝ። ዳኪ ደግሞ ማንም ሳይነግራት የረጋ የግመል ወተት በጀሪካን ሞልታ በሎሪ ላከችልኝ። ሾፌሩ ራሱ በሩ ድረስ አምጥቶ «ካልጨረስሽው ጀሪካኑን እንዳልመልስ ዳኪ ነግራኛለች» አለኝ። ጨረስኩት። ሌላም መጣ።

ቀዶ ጥገናው ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ነበር። ማህፀኔን፣ ሁለቱን እንቁላል ማምረቻዎች፣ ሌላም በሽታው የነካውን አወጡ። በማግስቱ ሐኪሟ አልጋዬ ጎን ቆማ፣ ፊቷ ደክሞ፣ አመልካች ጣቷንና አውራ ጣቷን አጠጋግታ አሳየችኝ። «የቀረው ምስር አያክልም» አለችኝ። ስፌት ስለማውቅ የተሰፋሁበትን ለማየት ጠየቅሁ። ቀጥ ያለ፣ የሚያምር ስፌት ነው። ነገርኳትና ሳቀች።

ቀጥሎ ኬሞ የሚባለው በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት መጣ። በየሦስት ሳምንቱ፣ ስድስት ጊዜ። ጸጉሬ በሁለተኛው ሳምንት ትራስ ላይ ቀረ። አፌ ብረት ብረት ይለኝ ጀመር። የጣቴ ጫፍ ደንዝዞ መርፌ ቢወጋኝ አላውቅም ነበር፤ ለልብስ ሰፊ ይህ ከጸጉሩ የበለጠ ያስለቅሳል።

አጠገቤ ባለው ወንበር ሁልጊዜ ዋንጂሩ የምትባል ሴት ትቀመጥ ነበር። ከኔ በአሥር ዓመት ታንሳለች። አራት ልጅ ወልዳለች፣ በቤተሰቧ እንዲህ ያለ በሽታ የለም፣ ደረጃዋም ከኔ ያነሰ ነው። ሐኪሟ ከዘረዘረችልኝ ነገሮች ብዙዎቹ ለሷ የሚያደሉ ነበሩ። ልጆቿ የሠሩትን ማንዳዚ፣ በዘይት የተጠበሰ ዳቦ፣ እያመጣች ግማሹን ለኔ ትሰጠኝ ነበር። አምስተኛው ዙር ላይ ወንበሯ ባዶ ነበር። እኔ ቀረሁ፣ እሷ ሞተች። «ጠንክሬ ነው የዳንኩት» ስል ሰው ቢሰማኝ ዋንጂሩ ደካማ ነበረች ማለት ይሆንብኛል፤ አልነበረችም። ሐኪሟን ለምን ብዬ ስጠይቃት «ስለ ብዙ ሰው የምናውቀውን ስለ አንዱ ሰው አናውቀውም» አለችኝ። ይህን ያነበበች ሴት የሚያጋልጡ ነገሮችን ቆጥራ ተስፋ እንዳትቆርጥ፣ ወይም የለብኝም ብላ እንዳትዘናጋ ብዬ ነው የጻፍኩት።

በኬሞው ዙሮች መካከል አረፍ እንድል ሞያሌ እመለስ ነበር። ለአራተኛው ዙር ስንሄድ ዝናብ ያዘን። ሎሪው ወደ ዋልዳ በሚያስገባው መንገድ አካባቢ ጭቃ ውስጥ እስከ አክሱ ሰመጠ። ስደተኛ ሆነን የገባንባት ምድር ላይ ሁለት ቀን ቆምን። አንዲት የቦረና እናት ጎጆዋን ለቀቀችልኝና ራሷ ከልጆቿ ጋር ሌላ ጎጆ ገባች። ታደሰ ሰማዩን አይቶ «ብርቄ፣ እንመለስ። አንዱ ዙር ቢያልፍ ምን አለበት?» አለኝ።

«ሐኪሟ ሁለት ሥራ ሰጥታኛለች» አልኩት። «አንዱን ልተውላት?»

ቀና ብሎ አላየኝም፤ ሄዶ አካፋ ያዘ። ሎሪው አልወጣም። በሦስተኛው ቀን ከብት ሊከትቡ የመጡ ሰዎች መኪና አለፈና እጄን ዘርግቼ መንገዱ መሐል ቆምኩ፤ ራሰ በራ፣ ጫማዬ በእጄ። ሾፌሩ መቼስ እብድ መስዬው ይሆናል። ማርሳቢት አደረሱን፤ ከዚያ ሌላ መኪና። ናይሮቢ የደረስነው በቀጠሮው ማግስት ነው። ነርሷ ቀሚሴ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ስታየኝ «ማማ ሞያሌ! እዚሁ ናይሮቢ ያሉት ቀርተው አንቺ መጣሽ?» ብላ ጓደኞቿን ጠራች። ከዚያን ቀን ወዲያ በክፍሉ ስሜ «ማማ ሞያሌ» ሆነ። ስድስቱንም ጨረስኩ። አንድም አላቋረጥኩም። በሕይወቴ እንደዚህ የኮራሁበት ሥራ የለኝም፤ ብዙ የሙሽራ ቀሚስ ሰፍቻለሁ፣ አንዱም አይተካከለውም።

ሰውነቴ ሲያገግም የእህቴ ነገር አልዳነም። አስናቀች መንገድ ላይ ካገኘችኝ «እንደምን አደርሽ» ብላ ታልፋለች። ቤቴ አትገባም። ሽሮ ግን በሰላማዊት እጅ በየወሩ ትልክ ነበር፤ ላላስታረቀኝ ሽሮ ማመስገን ከብዶኝ ዝም ብዬ እበላው ነበር። እንዲህ አራት ዓመት ሄደ። እኔ በየስድስት ወሩ ናይሮቢ እየሄድኩ እመረመራለሁ። ሰላማዊት አደገች፣ ኦዳ መንደር አስተማሪ ሆነች።

ያን ጊዜ የቡርጂው ባለሱቅ ልጅ ዮሐንስ ሽማግሌ ላከ። ሰላማዊት ያደገችው እኛ ቤት ስለሆነ ሽማግሌዎቹ ወደ ታደሰ መጡ። አስናቀችም የግድ መጣች። ከአራት ዓመት በኋላ ደጄን ስትረግጥ የመጀመሪያ ቃሏ «እትዬ፣ ዛሬ እንኳ አፍሽን ያዥ» የሚል ነበር።

ሰዎቹ ተቀመጡ። ሽማግሌው «ልጃችሁን ለልጃችን» አሉ፣ ታደሰም የወጉን መለሰ። ሁሉም መልካም ሲሄድ የልጁ አክስት ሻሻቸውን እያስተካከሉ ተናገሩ።

«አይቀየሙኝ፣ ወይዘሮ ብርቄ። እግዚአብሔር ስለማረዎት ደስ ብሎናል። ግን ሕመምዎ በዘር የሚሄድ ነው ሲባል ሰምተናል። እውነት ነው?»

 አስናቀች ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነችው። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ መስላ ታየችኝ። ልዋሽላት ተመኘሁ፤ እውነት እላለሁ፣ ተመኘሁ።

«እውነት ነው» አልኩ። «እናታችን በሱ ሞተች። አክስታችንም። ሰላማዊት ልትወርሰው ትችላለች፣ ላትወርሰውም ትችላለች። እናቴ ስሙን ሳታውቅ ሞተች፣ እኔ ዘግይቼ አወቅሁት። በዚህ ቤት ምን መጠበቅ እንዳለባት ከልጅነቷ የምታውቅ የመጀመሪያዋ ሴት ሰላማዊት ናት። ከፈራችሁ አልቀየማችሁም።»

አክስቲቱ ወደ ሽማግሌው ዞሩ። ሽማግሌው ወደ ዮሐንስ። ልጁ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ነበር።

«እኔ ከዓመት በፊት አውቄያለሁ» አለ። «ሰላማዊት ራሷ ነገረችኝ። ነግራኝም ነው የላክኋችሁ።»

ሰላማዊትን ከጓዳው መጋረጃ በኩል አየኋት። ቀጥ ብላ ቆማለች። ለማንም ሳትነግር፣ ማንም ሳያዛት፣ እኔ ሐኪም ፊት በሞት አፋፍ ላይ ሆኜ የወጣልኝን ቃል እሷ በደህና ቀኗ ለሚወዳት ሰው ተናግራለች። አክስቲቱ እስቲ ዛሬ ቀን እንቁረጥ አሉ። አስናቀች እያለቀሰች ወጣች፤ ግን የወጣችው በኋላ በር ሆነና እዚያው ግቢያችን ቀረች።

ከሠርጉ በኋላ ወደ በረንዳዬ መጣች። የምሰፋውን ጨርቅ ጫፉን ይዛ «ሐኪምሽ እኔን ታየኝ ይሆን?» አለችኝ። ምልክት አልነበራትም። ተያይዘን ሄድን። አንዱ እንቁላል ማምረቻ ላይ እብጠት ተገኘ፤ ገና ከቦታው ያልወጣ፣ ወደ ሆድ ያልፈሰሰ። አውጥተው ጨረሱ። የኔን ያህል መድኃኒት አላስፈለጋትም። ሐኪሟ ለአስናቀች «እህትሽ በሦስተኛው ደረጃ ነበር የመጣችው፤ አንቺን ግን በመጀመሪያው አመጣችሽ» አለቻት።

እኔ አሁን ከታመምኩ ስድስት ዓመት አልፎኛል። ተመልሶ ሊመጣ እንደሚችል ነግረውኛል፤ ምርመራዬን አላቋርጥም። የጣቴ ጫፍ ግማሹ አሁንም ደንዛዛ ስለሆነ ክር የምታስገባልኝ ልጅ ቀጥሬያለሁ። ሆዷ ለሳምንታት የማይጎድል፣ ሁለት ጉርሻ የሚያጠግባት፣ ሽንቷ የሚቻኮልባት ሴት ስታጋጥመኝ ልብሷን ሳልለካ ስለ እናቷና ስለ አክስቶቿ እጠይቃታለሁ። አንዳንዷ ትቆጣለች፤ ትቆጣ።

ከናይሮቢ አስናቀችን ይዤ ስመለስ የሞያሌ መኪና የሚነሣበት ቦታ ሰው ሞልቶ ነበር። አንዱ የድንበር ነጋዴ፣ እሷን በደንብ የሚያውቃት፣ ከሰልፉ ጫፍ «አስናቀች! ናይሮቢ ምን አመጣሽ? ዕቃ ልታወርጂ ነው?» ብሎ ጮኸ። የሞያሌ ሰው ግማሹ እዚያ ነው። ክንዷን ልይዛት እጄን ዘረጋሁ፤ ሌላ ነገር ብላ እንድታልፈው ፈቅጄላት ነበር።

እህቴ ዘወር አለች። ድምጿን እንደ ገበያ ቀን ከፍ አድርጋ፣ «ዕቃ አይደለም፣ ለካንሰር ታክሜ ነው!» አለችው። «በቤተሰባችን ያለ በሽታ ነው። አንተም ሚስትህን አስመርምር!»